አስራ አራት ሰዓት ያልኩት በረራ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም፤ የምጽፍላቸው ሰዎች ሁሉ ከኔ ጋር አብረው ስለተሰደዱ ነው። ጎረቤት ላለ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም፤ ተጠርቶ ይነገረዋል። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ፊደል ባጎድል፣ ነገር ባስረዝም፣ መሃል ላይ ጠፍቼ በሌላ በር ብመጣ አትቀየሙኝ። ደፍሬ መጻፌ ለአንዲት እናት ፊት ለፊት ማለት የነበረብኝን ማለት ስላቃተኝ ነው።

ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ዓይን አፋር ሲባል ዝምተኛ ይመስለዋል፤ ተሳስቷል። ዝም ማለት እኮ ድፍረት ይጠይቃል። ሰው ጠይቆ፣ አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ዝም ማለት ቀላል ነው እንዴ? እኔን የሚያሳፍረኝ «አላውቅም» ማለት ነው። ስለዚህ የተጠየቅሁትን ሁሉ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ሱዳናዊ ሾፌር ሻይ ሊጠጣ ቆሞ የሸዋክ መንገድ በየት ነው ቢለኝ፣ ሸዋክ በየት በኩል እንዳለች ሳላውቅ እጄን ዘረጋሁለት። ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ። ያሳየሁት ወደ እርሻ የሚገባ መንገድ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። እንግዲህ ወይ ደርሷል፣ ወይ እዚያው ማሽላ ዘርቷል።

የምኖረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ በኩል፣ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ነው፤ ገበያው ዳር ሻይ እሸጣለሁ። ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤቴ እማማ ዝማም ይባላሉ። ከመተማ በላይ ካለው አገራችን አብረን ነው የወጣነው። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፣ አስማረ። ታዲያ በዚህ ጥቅምት የአስማረ ስም ለካናዳ ወጣ። ዊኒፔግ የምትባል ከተማ ናት አሉ። እማማ ዝማም «ዊንጴጥ» ነው የሚሏት፤ እኔም አላረምኳቸው። እኔስ አስተካክዬ ስለማላት ነው?

ስም መውጣት ደስታም ነው፣ ሐዘንም ነው፤ እኛ ዘንድ ሁለቱ በአንድ ሳህን ነው የሚቀርቡት። ልጁ በአውቶቡስ ፖርት ሱዳን ሄደ። እዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሰኞ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ በኔ ስልክ ደወለ። የእማማ ስልክ ባትሪው አብጦ ከሞተ ቆይቷል። «ዛሬ አስር ሰዓት ላይ እንነሳለን፤ ስደርስ እደውላለሁ» አላቸው።

እማማ ዝማም መስመሩ ከተዘጋ በኋላም ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ተነስተው ቆሙና ተሳሉ።

«ቅዱስ ሚካኤል! ልጄን በክንፍህ ያዝልኝ። አውሮፕላኑ ከተነሳ ጀምሮ ልጄ ዊንጴጥ ወርዶ መሬት እስኪረግጥ እህል ባፌ አይዞርም!»

ይህ የኛ አገር ልማድ ነው። መንገደኛ ሲወጣ እናት ትሳላለች፤ ደረሰ እስኪባል አንድ ነገር ትተዋለች። ግን በእግር ለሚኬድ መንገድ የተሠራ ልማድ ነው። ወንዝ ቢሞላ፣ በቅሎ ብታነክስ ምን እንደሚደረግ አባቶች ሁሉን ተናግረዋል። ለአውሮፕላን እንዴት እንደሚሰፈር የነገረን የለም።

ከዚያ እማማ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ የተማርሽው፣ ከዚያ እዚያ ስንት ሰዓት ነው?»

የተማርሽው! እንዲህ ሲሉኝ አንገቴ እንደ ግመል ይረዝማል። ስልኬን አነሳሁ። ሸበካው፣ ኔትወርኩን እዚህ እንዲያ ነው የምንለው፣ ያን ቀን እንደ ጉድ ይሠራል። ዓመት ሙሉ ሲጠፋ የኖረ ሸበካ ምነው ያን ቀን በጠፋ! ከፖርት ሱዳን አየር ማረፊያ እስከ ዊኒፔግ አየር ማረፊያ ብዬ ጠየቅሁት። አስራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አስራ አራት ሰዓት ገደማ አለኝ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ፣ ረዘም ያለ ነገር ተጽፏል። እሱን ተውኩት። ቁጥር በየቋንቋው አንድ ነው፤ ቁጥሩን ካገኘሁ ወሬው ምን ያደርግልኛል ብዬ።

«አስራ አራት ሰዓት» አልኩ።

«አስራ አራት? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው እማማ። ነገ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ስትወጣ ይወርዳል።»

የሚካኤል ማኅበርተኞች ስንብቱን ምክንያት አድርገው ተሰብስበው ነበር። ከነሱ ሁሉ አፈኛዋ እትዬ ወርቄ እጇን ጭኗ ላይ መታች። «ጉድ በይ! በክረምት ከመተማ ገዳሪፍ ስንመጣ ሦስት ቀን ጭቃ ላይ አድረን የለም እንዴ? ካናዳ ከገዳሪፍ ቀረበች በይኛ!»

ሒሳቡን ሁሉም ሠሩት። ምሳ ተበልቷል። የሚቀረው እራት ነው። ከእራት ወዲያ ያለው እንቅልፍ ነው። ተኝተው የሚጾሙት ጾም ማን ይጠላል? «እኛም ከእማማ ዝማም ጋር እንጾማለን!» አሉ ማኅበርተኞቹ። ትግሬዋ ጎረቤታችን ለተብርሃን እንኳ፣ ማኅበሩ ውስጥ ሳትኖር፣ «እኔም አለሁበት» አለች።

እማማ ዝማም ግን ቅር አላቸው። ስለታቸው ረከሰባቸው። «አስራ አራት ሰዓት ብቻ ከሆነማ፣ እህል ብቻ ትቼ ማለፍ ለሚካኤል ነውር ነው» አሉ። «ውሃም ጨምሬያለሁ!»

እልል ተባለ። እኔም እልል አልኩ።

አመሻሹ ላይ ሐጂ ሰይድ ሻይ ሊጠጡ መጡ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ገዳሪፍ ሱቅ አላቸው፣ ስኳር የሚያመጡልኝም እሳቸው ናቸው። የአስማረን መብረር ነገርኳቸው፤ ሰዓቱንም ጨመርኩላቸው።

«አስራ አራት ሰዓት ማን አለሽ?»

«ስልኩ።»

«ስልኩ ተሳፍሮ ያውቃል?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ስሚ ልጄ። ለሐጅ ስሄድ ከፖርት ሱዳን ጅዳ ባሕሯን እልፍ ማለት ነው ብለውኝ፣ አየር ማረፊያው ወለል ላይ ሁለት ሌሊት ተኝቻለሁ። አውሮፕላን መብረሩንስ ይበራል፤ የሚፈጀው መቀመጡ ነው። ካናዳን ደግሞ አንዱ አውሮፕላን አያደርስሽም። እንደ ሎሪ ነው፤ ትወርጂያለሽ፣ ሌላ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ። ሁለት ቀን በይው።»

ጀበናውንም ብርጭቆውንም ለሐጂ ጥዬ ሮጥኩ። እማማ ቤት ስደርስ ሴቶቹ እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። እማማ ዝማም መሃል ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። አስማረ ከሄደ ወዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። በሩ ላይ ቆምኩ። ዘፈኑ ቆመ፤ ሁሉም አየኝ።

«ምን ፈለግሽ ልጄ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። «ስኳር» አልኩ።

እኔ ሻይ ሻጭ ነኝ። አልጋዬ ሥር አንድ ኬሻ ስኳር አለኝ። ካላቸው ትንሽ ላይ በኩባያ ሰፍረው ሰጡኝ፤ ተቀብዬ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ቢያንስ የውሃውን ስለት ያነሱት ነበር። አሁን ሳስበው ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ያንን ስኳር የሚያህል ነገር ነው፤ አንዲት ቃል በሩ ላይ ብትወጣ ኖሮ አይሆንም ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ ሁሉም እማማ ደጃፍ ተሰበሰቡ። ገንፎ ተገንፍቷል። አንድ ዶሮ እግሩን ታስሮ የአውሮፕላኑን መውረድ ይጠባበቃል፤ ከሁላችንም ልቡ የተረጋጋው እሱ ነበር። ስልኬ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ወጣች። አስራ ሁለት ሆነ። አንድ ሰዓት ሆነ። ስልኩ ዝም።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ሻንጣ ይፈተሻል» አልኩ።

«እውነቷን ነው» አለች እትዬ ወርቄ። «የኛንስ ጨርቅ ድንበሩ ላይ በትነው አልነበር?»

ትንሽ ቆይቼ የዊኒፔግን ሰዓት ስልኬ ላይ አየሁና የባሰ ነገር ተናገርኩ። «እዚያ እኮ ገና ሌሊት ነው። አሁን ቅድም፣ ፀሐይ ስትወጣልን፣ እዚያ ገና ሰኞ ነበር።»

እትዬ ወርቄ ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች፣ ተወችው። «ቆይ፣ ልጁ ሰኞ ነው የተነሳው። ሰኞ ከደረሰ፣ መቼ ሄደ?»

ወሬ ሰምተው የመጡት የእማማ የነፍስ አባት ቄሱ ጺማቸውን ዳበሱ። ሁላችንም አባ ነው የምንላቸው። «ጾም በጾመኛው ፀሐይ ነው የሚፈታው» አሉ። «ስለት ግን በተሳሉለት ነገር ነው። ልጁ ሲወርድ ነው እንጂ ፀሐይዋ የማንም ብትሆን ለውጥ አያመጣም።»

ረፋዱ ላይ ማኅበርተኞቹ መሳሳት ጀመሩ። አንዷ «እሳት አጥፍቼ ልምጣ» ብላ ሄደች። ሌላዋ «ሕፃኑን ልይ» አለች፤ ሕፃኑ ከጎኗ ቆሟል። የሄደችው ሁሉ ከንፈሯን እየጠረገች ተመለሰች። እትዬ ወርቄ ስትመለስ ሹሮ አገጯ ላይ ነበር። እኩለ ቀን ላይ የቀሩት ጾመኞች እማማ ዝማምና ዶሮው ብቻ ነበሩ።

እኔ ግን ሥራ አልፈታሁም። በጠየቁኝ ቁጥር አዲስ ነገር እወልዳለሁ። ነፋስ ይኖራል። ደመና ይዞራል። ካናዳ ሰፊ ስለሆነች አየር ማረፊያው ራሱ የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል። ይህን ሁሉ የምናገረው አንገቴን ደፍቼ፣ በለሆሳስ ነው፤ ለዚያ ነው መሰለኝ ሁሉም ያመነኝ። ሰው ጮክ ብሎ የዋሸን ይጠረጥራል፤ አፍሮ የሚዋሽን ግን ቀና በይ ብሎ ያበረታታል።

ጥቅምት ቢሆንም የገዳሪፍ ፀሐይ ወር አታውቅም። የእማማ ከንፈር ነጭ ሆነ። አባ ጎንበስ ብለው፣ «ውሃውን እኔ ፈትቼልዎታለሁ፤ ይጠጡ» አሏቸው።

«እርስዎ እኔን ቢፈቱኝ፣ ሚካኤል አውሮፕላኑን ቢለቀውስ?» አሉ እማማ።

አባ መስቀላቸውን አሳልመዋቸው ቀና አሉ።

ስምንት ሰዓት ላይ እማማ ዝማም ሊነሱ ሲሉ መልሰው ወደቁ። ከነአንገረባቸው፣ ያው በገመድ ከተጠለፈው የሱዳን አልጋቸው ጋር፣ አራት ሰዎች አንስተው ሐኪም ቤት አደረሷቸው። ሱዳናዊቷ ነርስ አይታቸው ጮኸች። «ያ ሃጃ፣ ሞያ! ሞያ!» ውሃ ጠጪ ማለቷ ነው። እማማ በዚያ ድካማቸው ጥርሳቸውን ገጠሙ። ነርሷ ተናዳ ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ሰካችላቸው። ዓይናቸው ተከደነ።

እኔ ደጅ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ሳለቅስ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ረጅም ቁጥር ነው።

«ሄሎ! እኔ ነኝ፣ አስማረ!»

«ደረስክ?»

«የት እደርሳለሁ! ገና መንገድ ላይ ነኝ። አንድ ትልቅ አየር ማረፊያ አውርደው እየጠበቅን ነው፤ ዛሬ ማታ ነው ሌላ የሚያሳፍሩን አሉ፣ ከዚያም ሌላ አለ። የሰው ስልክ ነው፣ ቶሎ እናቴን አቅርቢልኝ።»

በበሩ በኩል እማማ ይታዩኛል። እግራቸው ከአንገረቡ ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

«ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል» አልኩ።

«አውቃታለሁ፤ ጾማ ይሆናል። ልጅሽ ለምኖሻል፣ እህል ቅመሺ በያት። ገና ነኝ፣ ግን ደህና ነኝ በያት፤ እሺ?»

«እሺ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚህ የቀለለ መልእክት በዓለም ላይ የለም። ልጅዎ ለምኖዎታል፣ ይብሉ ብሏል፤ ይኸው ነው። እውነት ነው፣ ከልጅ አፍ የወጣ ነው፣ እናት እምቢ የማትለው ነው። ይዤው ገባሁ።

እማማ ዓይናቸውን ገልጠው ነበር። ሴቶቹ ከበዋቸዋል። ስልኩን እጄ ላይ አዩት። «ደረሰ?» አሉኝ።

ሁሉም አየኝ። ገና ነው ብል «ታዲያ አስራ አራቱስ?» ሊሉኝ ነው። እሺ፣ እሱንስ ልቻለው። ግን ያ የእማማ ዓይን…

«ደርሷል» አልኩ።

እልልታው ሐኪም ቤቱን ሞላው። ነርሷ ሁላችንንም ልታባርር ደረሰች። እማማ ዝማም አንድ ኩባያ ውሃ ሳያቋርጡ ጠጡ። ለተብርሃን ገንፎውን በእጇ አጎረሰቻቸው። የጉሮሯቸውን ድምፅ ስሰማ፣ አንዴ እንኳ ልክ ሠራሁ ብዬ ሳላስብ አልቀረሁም።

አባ ላባቸውን እየጠረጉ ደረሱ። «ደረሰ? እሰይ፣ እሰይ! እኔስ እየሮጥኩ የመጣሁት ግሉኮሱ ስለቱን አያፈርስም ልላችሁ ነበር። ባፌ አይዞርም ነው ያሉት፤ ይህ የሚገባው በክንድ ነው። ልጁ ሳምንት ቢዘገይም ባልጎዳቸው!»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ወጥቼ ግድግዳዬን ተደገፍኩ።

ረቡዕ ከሰዓት እማማ ቤታቸው ገብተው፣ ማኅበርተኞቹም ተሰብስበው ሳለ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ወርቄ ከእጄ ነጥቃ ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«እማ! ደረስኩ! አሁን ከአውሮፕላን ወረድኩ! ብርዱ ጉድ ነው!»

እማማ ግራ ገባቸው። «ትናንት ደረስክ አይደል እንዴ?»

«ትናንትማ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ። ለዚያች ልጅ ነግሬያት የለም? እህል ቅመሺ በያት ብዬ?»

ሰው ሲያፍር ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ይላል። የመጠለያው ምድር በጥቅምት እንኳ ይሰነጠቃል፤ እኔን ለመዋጥ ግን አንድም ስንጥቅ አልሰፋም። እማማ ከልጃቸው ጋር አወሩ፣ መረቁት፣ ተሳሳቁ፣ ኮፍያ አድርግ አሉት። ሲጨርሱ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር።

ስድቡን እትዬ ወርቄ ተካችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ተቀየረ። «አስራ አራት! ሻይ ቅጂ!» ትለኛለች ገበያው መሃል። የማላውቃቸው የቀን ሠራተኞች ሳይቀሩ «አስራ አራት» ይሉኛል፤ ምክንያቱን አያውቁም፣ የቤቴ ቁጥር ይመስላቸዋል። ለተብርሃን ብቻ «ኣጆኺ» አለችኝ፤ አይዞሽ ማለቷ ነው።

እማማ ግን አባን አስጠሩ። «ስለቴ ጎደለ» አሏቸው። «ልጄ አየር ላይ ሳለ በላሁ።»

«አላወቁም እኮ። በደል የለብዎትም።»

«እኔ አላወቅሁም፤ ሚካኤል ግን ያውቃል። የበላሁትን እከፍላለሁ።»

ተከራከሩ። እማማ ሁለት ቀን ያለ ውሃ ይላሉ፤ አባ እስከ እኩለ ቀን ይላሉ። መጨረሻ ላይ ሐሙስ ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቅ፣ ውሃ ግን ይጠጣል በሚል ተስማሙ። ልጁ ዊኒፔግ ገብቶ ሾርባ ሲጠጣ፣ እናቱ እዚህ ስለ መንገዱ ይጾማሉ። ለዚህ ያበቃቸው የኔ ቁጥር ነው።

ሐሙስ ሻዬን ዘግቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እኔም አልቀመስኩም፤ ግን አልነገርኳቸውም። ሌሊቱን ሙሉ ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ፈርቼ ነው» የሚል ነው፣ አጭር ነው። ላወጣው ስል ሌላ ይሆናል። አንዴ «ጥላው ዞሯል፤ ምንጣፉን ልሳበው?» ሆነ። አንዴ «ዝንቡ በዛ» ሆነ። ቀኑን ሙሉ ስለ ዝንብና ስለ ጥላ አወራሁ። ከዚያ ቤት ዝንብ ሁሉ ተመክሮ ወጣ፤ ይቅርታው ግን አልወጣም። እማማ ቀና ብለው አላዩኝም፤ ግን ሂጂም አላሉኝም።

በማግስቱ ወንድማቸው መታመማቸውን ሰምቶ ከመፋዛ በሎሪ መጣ። ሰሊጥ አጨዳ ላይ ስለሆነ ሳይቀመጥ ጭኗቸው ተመለሰ። እኔ ያን ጊዜ ገበያ ሻይ እቀዳ ነበር። ስመለስ ቤታቸው ባዶ ነው፤ ለተብርሃን ደጁን ትጠርጋለች። ደህና ሁኑ እንኳ አላልኳቸውም። ስለዚህ ከእማማ ዝማም የሰማሁት የመጨረሻው ቃል የሐሙስ ምሽቱ ነው። ፀሐይ ጠልቃ፣ አማትበው፣ ዳቦውን ቆረሱና የመጀመሪያውን ቁራሽ ራሳቸው ሳይቀምሱ ወደኔ ዘረጉት። መጾሜን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እጄን ስሰበስብ ቁራሹን መዳፌ ላይ አኑረው ጣቶቼን በላዩ ዘጉብኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ብዪ እንጂ! ርቦሽ ደግሞ ሌላ ሰዓት እንዳትነግሪኝ።»